ከቦታ ወደ ጊዜ፦ የቦስ ፍልሚያና የማምለጥ ታሪክ

ከባድ የአክሽን ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ሲገናኙ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ቦሱ፣ ማለትም የተጫዋቹን መንገድ የሚዘጋው ኃይለኛ ጠላት፣ በትሩን ወደ ላይ ያነሣል፤ ተጫዋቹ ለማምለጥ ይንከባለላል፤ በትሩ ግን እዚያው አየር ላይ ቆሟል። ተጫዋቹ ተንከባልሎ ቀና ሲል፣ ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ይወርድበታል። አንዱ «ይህማ ማታለል ነው» ይላል፤ ሌላው «አንተ ቸኩለህ በትሩ ምን አጠፋ?» ብሎ ይመልስለታል። የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤልደን ሪንግን ካወጣ በኋላ ሙግቱ ይበልጥ ጋለ። የስቶርምቬልን ግንብ መንገድ ዘግቶ የሚቆመው ማርጊት የሚታወቀው በዚሁ በቆመ በትሩ ነው። ተከራካሪዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚነጋገሩት ይህ ዓይነት ምት ትናንት የተፈለሰፈ አድርገው ነው። እኔ ግን ፍርዱን ከታሪኩ ውጪ መስጠት አይቻልም ባይ ነኝ። ማምለጥ ድሮ የቦታ ጉዳይ ነበር፤ ቀስ በቀስ የጊዜ ጉዳይ ሆነ፤ የጊዜ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ቦሱም ጊዜን መሣሪያው ማድረጉ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የዘገየው ምት ሕጋዊ ነው። ንድፉ የሚበደለው ምቱን የሚናገረው ምልክት ሲሸፈን ነው።

ቦስ ከጌም ጋር አብሮ አልተወለደም። በ1975 ገደማ ጌሪ ዊዘንሃንትና ሬይ ዉድ ፕላቶ በተባለው የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሥርዓት ላይ «ዲኤንዲ» የተሰኘውን ጨዋታ ሲሠሩ፣ በጉዞው መጨረሻ ላይ የሚፈለገውን ሀብት የሚጠብቅ ወርቃማ ዘንዶ አስቀመጡ። ብዙዎች የመጀመሪያው ቦስ የሚሉት ይህንን ዘንዶ ነው። እጅና ዓይን የሚወስኑት ነገር ግን አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ቁጥርን ከቁጥር አመዛዝኖ ውጤቱን ይናገራል። እጅ ወደ ፍልሚያው የገባው በሳንቲም በሚሠሩት ማሽኖች ነው። የታይቶው ስፔስ ኢንቬደርስ በ1978 ተጫዋቹን ስክሪኑ ግርጌ ላይ አቁሞ ግራና ቀኝ ብቻ እንዲሄድ ፈቀደለት፤ በ1980 የወጣው ፊኒክስ ደግሞ የመጨረሻው ዙር ላይ ቅርፊቷ ሳይሰበር የማትሸነፍ አንዲት ግዙፍ መርከብ አመጣ። በሁለቱም ጥያቄው አንድ ነበር፦ ጥይቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ አለህ ወይስ የለህም? በጉግስ ሜዳ ዘንግ ሲወረወርበት ፈረሱ አንገት ላይ የሚተኛ ጋላቢ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዘንጉ ያልፋል፣ ሰውየው ቦታው ላይ የለም። የማሽኑ ባለቤት የሚኖረው በሳንቲም ስለነበር ጨዋታው ቶሎ ማለቅ ነበረበት፤ ግን ተጫዋቹ «ተበደልኩ» ካለ ሁለተኛ ሳንቲም አይጥልም። ቦስ ከባድም ፍትሐዊም ይሁን የሚለው ጥያቄ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከገንዘብ ጋር የተሳሰረ ነው።

ለዛሬው ክርክር ከሁሉም በላይ የሚቀርበው ግን የቦክስ ጨዋታ ነው። የኒንቴንዶው ፓንች-አውት በ1984 በማሽን፣ በ1987 ደግሞ ለቤት ኮንሶል ወጣ፤ ሥራውን የመራው ጌንዮ ታኬዳ ነበር። በቤቱ ጨዋታ ውስጥ ሊትል ማክ የሚባለው ትንሹ ቦክሰኛ ሪንጉ ውስጥ እንደልቡ አይንቀሳቀስም። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል፣ ያጎነብሳል፣ ይከላከላል፤ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ነው። ቦታ ተወሰደበትና የቀረው ጊዜ ብቻ ሆነ። ይህ እንዲሠራ ንድፍ አውጪዎቹ እያንዳንዱ ባላንጣ ከመምታቱ በፊት አንድ ነገር እንዲናገር አደረጉ። ፒስተን ሆንዳ ቡጢ ሊሰነዝር ሲል ቅንድቡን ያርገበግባል። ቦልድ ቡል ወደ ኋላ ያፈገፍግና እየዘለለ ይመጣል፤ ልክ ሲደርስ ሆዱን ያገኘው ሰው በአንድ ቡጢ ይዘርረዋል፣ የቀደመ ወይም የዘገየ ራሱ ይዘረራል። የመጨረሻው ባላንጣ ማይክ ታይሰን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 90 ሰከንዶች አንዷ ምቱ ብቻ ለመውደቅ ትበቃለች። ይህንን ጨዋታ ማንም ኢፍትሐዊ አላለውም፤ ታይሰን ግን ከዛሬዎቹ ቦሶች የሚለዝብ አይደለም። ሰው የታገሠው ከመመታቱ በፊት የተነገረው ነገር ስለነበረ ነው። እዚህ ላይ አንድ መለኪያ እናገኛለን፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ጌም ከጠፍጣፋው ስክሪን ወጥቶ ጥልቀት ሲያገኝ ይህ ሁሉ ለጊዜው ፈረሰ። ካሜራው ከጀርባ ነው፣ ጠላቱ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል፣ ጎራዴው ነፋስ ይቆርጣል። መፍትሔው በ1998 በወጣው የዜልዳ ጨዋታ፣ በኦካሪና ኦፍ ታይም ተገኘ። ከሠሪዎቹ መካከል ቶሩ ኦሳዋና ዮሺያኪ ኮይዙሚ ኪዮቶ የሚገኘውን የቶኤይ የፊልም መናፈሻ ሲጎበኙ የሳሙራይና የኒንጃ ትርኢት ተመለከቱ፤ ኒንጃው ማጭድ የታሰረበት ሰንሰለት ይወረውራል፣ ሳሙራዩ ይይዘዋል፣ ከዚያ ኒንጃው ሰንሰለቱ እንደተወጠረ በሳሙራዩ ዙሪያ በክብ ይዞራል። ከዚያ የተወለደው ሐሳብ ጠላት ላይ መቆለፍ ነው፦ አንድ ቁልፍ ሲጫን ካሜራውም ሰውነቱም ወደ ባላንጣው ይዞራሉ፣ ተጫዋቹ ወደ ጎን ይዘላል ወይም ወደ ኋላ ይገለበጣል። በሦስት አቅጣጫ ዓለም ውስጥ የሁለት ሰው ፍልሚያ እንደገና የሚቻል ሆነ። ሆኖም ማምለጥ ገና ቦታ መልቀቅ ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ይልቅ ለዓይን በማይታይ ነገር ነው። አክሽን ጌም በፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ በሚፈራረቁ ምስሎች፣ ይቆጠራል፤ ሠላሳ ፍሬም አንድ ሰከንድ ይሆናል እንበል። ሠሪዎቹ ተጫዋቹ ሲንከባለል ከመጀመሪያዎቹ ፍሬሞች የተወሰኑትን ምንም ነገር የማይነካበት አድርገው ያስቀምጣሉ። ጎራዴው በአካሉ መሐል ሲያልፍ በዓይን ይታያል፣ ግን አይቆጠርም። ዘዴው በትግል ጨዋታዎች ውስጥ ቀደም ብሎ የነበረ ነው፤ የዚህ ዘውግ አከርካሪ የሆነው ግን በካፕኮሙ ሞንስተር ሃንተር (2004) እና ሂደታካ ሚያዛኪ በመሩት ዲመንስ ሶልስ (2009) ነው። የኋለኛው በጃፓን ሲወጣ ብዙም ያልተጮኸለት፣ ሶኒ ራሱ ለአሜሪካ ገበያ ያላቀረበው፣ አትለስ የተባለ ሌላ አሳታሚ የወሰደው ሥራ ነበር። በእነዚህ ጨዋታዎች የተካነ ሰው ከዘንዶው አይሸሽም፤ ወደ ምቱ ውስጥ ተንከባልሎ ከጀርባው ይወጣል። ሞንስተር ሃንተር ላይ ጆሮ የሚያደነቁረውን የአውሬ ጩኸት እንኳ በሰዓቱ የተንከባለለ ሰው ያልፈዋል። ቅርብ ላለ ሰው ከጩኸት የሚሸሽበት ቦታ የለም፤ ቦታ መልቀቅ ምንም ትርጉም ያጣው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ኃይል በነጻ ሊሰጥ አይችልም ነበርና ዋጋ ወጣለት። መንከባለል ትንፋሽ ያስከፍላል፤ ትንፋሹን ጨርሶ የተገኘ ሰው መምታትም መሸሽም አይችልም። ክብደትም አለ። በ2011ዱ ዳርክ ሶልስ የተሸከመው ዕቃ ከአቅሙ ሩብ ያነሰ ተጫዋች እንደ ድመት ይገለበጣል፤ ከግማሽ በላይ የተሸከመ ግን እንደ ጆንያ ይወድቃል። በ2014 ዳርክ ሶልስ 2 የማይነካበትን ጊዜ ርዝመት ከአንድ የባሕርይ ነጥብ ጋር ሲያስተሳስረው ተጫዋቹ የማምለጫ ጊዜውን በነጥብ እንዲገዛ ሆነ፤ ብዙዎችም ተቆጡ። ቁጣው ብዙ ይናገራል። ሰዎች ያንን የሰከንድ ሽራፊ የራሳቸው ችሎታ አድርገው ይቆጥሩት ነበር፤ ችሎታቸው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ሊቀበሉት አልቻሉም። በ2015 ብለድቦርን ጋሻን ከሞላ ጎደል አስወግዶ ፈጣን እርምጃ ሰጠ፤ ደሙ የፈሰሰበትም ቶሎ መልሶ ከመታ ያጣውን በከፊል እንዲያስመልስ ፈቀደለት። በእያንዳንዱ ጨዋታ ተጫዋቹ ይበልጥ እየፈጠነ፣ ይበልጥም እየተማረ ሄደ።

አሁን ወደ ቆመው በትር እንመለስ። በኤልደን ሪንግ መካከለኛ ክብደት የያዘ ሰው ሲንከባለል የማይነካበት ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ባይሞላም ወደዚያ ይጠጋል። ሰው አንድ ምልክት አይቶ ጣቱን ለማንቀሳቀስ በተለምዶ የሩብ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ሁለቱን አጋጥማችሁ እዩ፤ በትሩ ተነሥቶ ወዲያው የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ላለፉት ዓመታት እነዚህን ጨዋታዎች የተጫወተ ሰው ሁሉ ሳያስብ ያመልጠው ነበር። ንድፍ አውጪው ሁለት መንገድ ነበረው፦ ምቱን ዓይን ሊከተለው እስከማይችል ማፍጠን፣ አለዚያም መነሣትና መውረድን መለያየት። ሁለተኛው የሚሻለው ተጫዋቹን ማየት ስለሚጠይቀው ነው። ማርጊት በትሩን ሲያነሣ «እመታሃለሁ» ብሏል፤ «አሁን» አላለም። «አሁን» የሚለውን የሚናገረው ትከሻው ነው፣ ክንዱ ወደ ታች መስበር የሚጀምርባት ቅጽበት።

የሚቃወሙ ሰዎች እዚህ ላይ ጠንካራ ነገር ያነሣሉ። ሰውነት እንዲህ አይንቀሳቀስም፣ ክብደት ያለው ብረት አየር ላይ አይንጠለጠልም፤ ስለዚህ የሚቀረው ማየት ሳይሆን መሸምደድ ነው ይላሉ። የመጀመሪያውን ግማሽ እቀበላለሁ፤ አንዳንዱ ቦስ በእርግጥ አሻንጉሊት ይመስላል፣ ለዓይንም ያስጠላል። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። ፓንች-አውትም ሙሉ በሙሉ የሽምደዳ ጨዋታ ነበር፤ የፒስተን ሆንዳን ቅንድብ በመጀመሪያው ቀን ያወቀ የለም። ልዩነቱ ሽምደዳው በምን ላይ እንደሚያርፍ ነው። በሚታይ ነገር ላይ ካረፈ እውቀት ነው፤ አሥር ጊዜ የሞተ ሰው በአሥራ አንደኛው የሚያየው ነገር አለው። ሌሎች ደግሞ ጨዋታው መንፈስ መጥራት፣ ጋሻ፣ አስማት ሰጥቶ ሳለ በመንከባለል ብቻ እየታገሉ ማጉረምረም ተገቢ አይደለም ይላሉ። እውነት ነው፤ ማንም እንዳይጠቀምባቸው አልተከለከለም። ግን የተጠራው መንፈስ የቦሱን ፊት ወደ ሌላ ያዞረዋል። ፊቱን ያዞረ ቦስ ቀለለ እንጂ ጥሩ ወይም መጥፎ ሆኖ መሠራቱ አልተመለሰም። ፍሮምሶፍትዌር ራሱ ሌላ መንገድ እንዳለ አሳይቷል፤ የ2019ኙ ሴኪሮ ከመሸሽ ይልቅ ጎራዴን በጎራዴ መመከትን መሠረቱ አደረገ፣ የማይመከት ምት ሲመጣም ከጀግናው ራስ በላይ ቀይ የአደጋ ምልክት አሳየ። ጨዋታው ከባድ መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ የዚያ ዓመት የዘ ጌም አዋርድስ ትልቁን ሽልማትም ወሰደ። ምልክትን ማጉላት ክብደትን አይቀንስም።

ታዲያ ቅሬታው ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የኤልደን ሪንግ ቦስ የሆነችውን የማሌኒያን «የውሃ ወፍ ዳንስ» ያየ ሰው ይህን አይልም። አየር ላይ ተንሳፍፋ ለአፍታ ትቆማለች፤ እስከዚህ ምልክቱ ጥሩ ነው። ከዚያ የሚከተለው የጎራዴ ማዕበል ቅርብ ለተገኘ ሰው በአንድም በሁለትም መንከባለል የማያልፍ፣ ጋሻ ላይ ቢያርፍ እንኳ ደሟን የሚመልስላት ነው። ድስት በራሱ ላይ ደፍቶ፣ ራቁቱን ሁለት ካታና ይዞ በሌሎች ተጫዋቾች ምትክ እየገባ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ያሸነፋት ተጫዋች መኖሩ እንደሚቻል ያስረዳል፤ መቻሉ ግን ምልክቱ በበቂ መነገሩን አያረጋግጥም። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የመጣው በ2024 ነው። ሰኔ ውስጥ የወጣው የኤልደን ሪንግ ተጨማሪ ክፍል፣ ሻዶው ኦፍ ዘ ኧርድትሪ፣ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ራዳን ከፍተኛ ቁጣ አስነሣ። ፍሮምሶፍትዌር በመስከረም ማሻሻያ ሲያወጣ አንዳንድ ምቶቹን ቀየረ፣ ጉዳታቸውን ቀነሰ፤ ከዚህም ጋር የምቶቹን የብርሃን ነጸብራቅ ለዓይን እንዲቀል አደረገ። ክርክሩ የክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን መቀነስ ይበቃ ነበር። ብርሃኑ የተነካው ተጫዋቹ ክንዱን ማየት ስላልቻለ ነው፤ ምቱ ቢዘገይም ባይዘገይም የሚያስታውቀው ነገር በወርቃማ ጨረር ተውጦ ነበር።

በ2025 የወጣው የፍሮምሶፍትዌር ጨዋታ ናይትሬን፣ የጁንያ ኢሺዛኪ ሥራ፣ ጥያቄውን ከሌላ ጎን ከፍቶታል። እዚያ አንድ ዓይነት ማምለጫ ለሁሉም አልተሰጠም፤ ዳቸስ የምትባለው በተከታታይ ሁለቴ ፈጥና ታመልጣለች፣ ኤክሲኪዩተር ደግሞ በተረገመ ጎራዴው ምትን ይመክታል። የዳርክ ሶልስ አሮጌ ቦሶችም ተመልሰው ከእነዚህ አዲስ እጆች ጋር ይጋጠማሉ። ያኔ ለአንድ ቀርፋፋ መንከባለል የተለካ ምት ዛሬ ሁለቴ የምታመልጥ ተጫዋች ሲያገኝ የንድፉ ልክ የት ላይ እንደነበረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለተከራካሪዎቹ ከማርጊት በትር ይልቅ ይህ የሚሻል የሙግት ሜዳ ይመስለኛል።