የእንዳ ኢየሱስ ውኃና የግንበኛው ቱምቢ

በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ወታደር ጥይትም መድፍም ነበረው። የቸገረው ውኃ ነው። ውኃው ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ ከካቡ ላይ ድንጋይ ቢለቀቅ ተንከባሎ ከሚያርፍበት፣ ከኮረብታው ግርጌ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከአምባላጌ ነው። ኅዳር 28 ቀን ሻለቃ ቶዜሊ እዚያ ሲወድቅ የተረፈው የጣሊያን ጦር ወደ ሰሜን ሸሸ። መቀሌን እንዲይዝ የቀረው ሻለቃ ጋሊያኖ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ወታደሮችን ይዞ፣ አብዛኞቹ አስካሪዎች ናቸው፣ የእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ኮረብታ ላይ መሸገ። ጣሊያኖች በቦታ ምርጫቸው አልተሳሳቱም። ከላይ ሆኖ የሚተኩስ የሚመጣበትን ሁሉ ያያል፤ ከታች የሚወጣው ግን የገዛ ክብደቱን ተሸክሞ ነውና የሚወጣው፣ ካቡ ዘንድ ሳይደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል። የራስ መኮንን ጦር ይህን በደሙ ነው ያየው።

እቴጌ ጣይቱ የያዙት የነገሩን ሌላ ጫፍ ነው። ወደ ታች የሚቀናው ጥይት ብቻ አይደለም፤ ውኃም ወደ ታች ነው መንገዱ። ምንጩ ከካቡ ውጭ ስለነበር በእሳቸው ምክር ሰዎች ሄደው ያዙት፣ ቀንም ሌትም ጠበቁት። ምሽጉ ውስጥ ውኃ በስፍር ሆነ። ሁለት ሳምንት ገደማ እንዲህ ቆይቶ ጋሊያኖ ለቀቀ፤ ምኒልክም ከነመሣሪያው አሰናበቱት። ይህ ቸርነት እኔን ዛሬም ይከነክነኛል፤ ሰውየው ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ዐድዋ ላይ ተሰልፎ ነው የሞተው።

ዛሬ ኮረብታው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ የመሬት ስበትም በቀመር ይማሩበታል። ዕቃ ሲለቀቅ እንደሚወድቅ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ኒውተን በ1687 (በፈረንጆቹ) ማንኛውም ግዙፍ አካል ሌላውን ይስባል አለ። እንግዲያው መሬት ብቻ ሳትሆን የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታም መሳብ አለበት። በምን ይታወቃል?

በቱምቢ። የመቀሌ ግንበኛ የኖራ ድንጋይ ሲክብ አይታችሁ ከሆነ፣ ክሩን ከግድግዳው አናት ያንጠለጥላል፣ ብረቱ መወዛወዙን እስኪተው ይታገሣል፣ ከዚያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በክሩና በድንጋዩ መካከል ያለውን ክፍተት ያያል። ክሩ ወደ ምድር መሐል እንደሚያመለክት አይጠራጠርም። አጠገቡ ተራራ ካለ ግን ብረቱ ወደ ተራራው በጥቂቱ ያዘነብላል። እንግሊዛዊው ማስከሊን በ1774 ስኮትላንድ ውስጥ ሺሃሊየን ከሚባል ተራራ በስተሰሜንና በስተደቡብ ቱምቢ ሰቅሎ፣ ከከዋክብት ጋር እያስተያየ ለካው። ተራራው ያመጣው ልዩነት የሁለቱ ወገን ተደምሮ፣ አንድ ዲግሪ ለሦስት መቶ ቢከፈል አንዱን እጅ ያህል ነው። ግድግዳ አያጣምምም፤ ለኒውተን ለመመስከር ግን በቃ። በ1798 ደግሞ ካቨንዲሽ ተራራውን ትቶ፣ ቤት ውስጥ የእርሳስ ድብልብሎች እርስ በርስ ሲሳሳቡ አሳየ።

ስበቱ በየአገሩ እኩል አለመሆኑን ያጋለጠው ሰዓት ነው። ፈረንሳዊው ሪሼ በ1672 ባለ ፔንዱለም ሰዓቱን ከፓሪስ ወደ ምድር ወገብ አቅራቢያ፣ ወደ ካየን ቢወስደው በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረበት። መቀሌ ለምድር ወገብ ከሮም ትቀርባለች፣ ከባሕር ወለልም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ሁለቱም ስበቱን ያሳንሱታል። ሒሳቡን ብንሠራው፣ ሮም ላይ የተስተካከለ ፔንዱለም መቀሌ ሲሰቀል በቀን ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ የጎደለው ጊዜ ይዘገያል። ከጋሊያኖ መኮንኖች አንዱ እንዲህ ያለ ሰዓት ምሽጉ ውስጥ ሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ውኃ በተያዘባቸው ሁለት ሳምንት ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ በጎደለበት።

ውኃውም ያው ነው። ሃያ ሊትር የያዘ ጀሪካን በባለ ስፕሪንግ ሚዛን ቢሰቀል፣ ሮም ላይ ከሚያሳየው መቀሌ ላይ ሃምሳ ግራም ያህል ይቀልላል። የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ጀሪካን ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ይህን ቅናሽ ብትነግሩት ግን ይስቅባችኋል።