ነፍጠኛ፦ ገደብ ያጣው ቃል

ከዲላ ተነስቶ ይርጋጨፌን አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ገደብን ከጌዴኦ ዞን ጫፍ ላይ ያገኛታል። ቡናዋን ዓለም ያውቀዋል። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ስለ ቡና ሳይሆን በዚህ ምድር ላይ ስለኖረ አንድ ቃል ነው፦ ነፍጠኛ።

ነፍጥ ጠመንጃ ነው። ቃሉ የአረብኛው «ናፍጥ» ዘመድ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀጣጠል ዘይት፣ ኋላም ባሩድ ማለት ነበር። ነፍጠኛ እንግዲህ ጠመንጃ ያዥ ወታደር ነው። ሙያ እንጂ ስድብ አልነበረም።

የአጼ ምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ (ዓ.ም.) ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ለወታደሩ የሚከፈል በቂ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ሰው ደሞዝ ሆነ። ለእያንዳንዱ ነፍጠኛ እንደ ማዕረጉ ገባር ተቆጠረለት። ገባሩ እህልና ማር ያስገባል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ የጌታውን እርሻ ያርሳል። ያን ጊዜ በመንግሥት መዝገብ «ደራሳ» ይባል የነበረው የጌዴኦ ሕዝብም በዚህ ሥርዓት ኖሯል።

ከጣልያን ወረራ በኋላ የገባር ሥርዓት ቢቀርም መሬቱ ከባለመሬቱ እጅ አልወጣም፤ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ሆነ። ቡናው ዋጋ ባወጣ ቁጥር ሸክሙ ከበደ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ የጌዴኦ ገበሬዎች ሚቺሌ ላይ ጦር ይዘው ከጠመንጃ ጋር ተጋጠሙ፤ ብዙዎችም አለቁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ያንን ዓለም ዘጋው።

ሥርዓቱ ሞተ፤ ቃሉ ግን ቀረ።

ነፍጠኛ የብሔር ስም ነበር እንዴ? ከምኒልክ ታላላቅ የጦር አበጋዞች አንዱ ራስ ጎበና ዳጬ ኦሮሞ ነበሩ። ሲዳሞን ለብዙ ዓመታት የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ደግሞ የአድዋው የመድፍ ጀግና ናቸው፤ በጣልያን ወረራ ዘመንም ሲዋጉ ወደቁ። አንዱ ሰው ለአገሩ አርበኛ፣ ለገባሩ ጌታ ሆነ። ታሪክ እንዲህ ነው፣ ለስድብ አይመችም። በሌላ በኩል ከሰፋሪው ብዙው አማርኛ ተናጋሪ ስለነበር ገባሩ ጌታውንና ቋንቋውን ለይቶ ባያይ አንፈርድበትም።

የምንፈርደው ኋላ በመጡት ላይ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን ቃሉ ለፖለቲካ ተቃዋሚ መለጠፊያ ሆነ፤ «ትምክህተኛ» እና «ጠባብ» የሚባሉ ወንድሞችም ነበሩት። ነፍጥ ነክቶ የማያውቅ መምህር፣ ቁራጭ መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ ሁሉ «ነፍጠኛ» ተባለ። ክርክሩን በሐሳብ ከመመለስ ይልቅ ስም ማውጣት ይቀላላ!

ይህ ጉዳት ሁለት ወገን ነው። ዛሬ የሚኖረው ሰው ባልሠራው ይከሰሳል። የሚቺሌ ገበሬም በደሉ ይረሳል፤ ቃሉ ተራ ስድብ ሲሆን እውነተኛውን ታሪክ ማን ይሰማዋል?

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ ገደብም ብዙዎችን አስጠልላለች። ከእነዚያ ተፈናቃዮች መካከል ነፍጠኛ አልነበረም፤ ገባርም አልነበረም። በጅምላ ስም ጎረቤት ከጎረቤቱ ሲለያይ ግን ማንም ማን እንደሆነ አይጠየቅም።

ስለዚህ ወዳጆች፣ ነፍጠኛን ወደ ታሪክ መጽሐፍ እንመልሰው። እዚያ ሥራ አለው፤ በደልን በስሙ ይጠራል። ከዚያ ውጭ ግን ገደብ ይበጅለት።