ድግሱ የየቤቱ፣ ጥሪቱ የጋራ

ሰርግ በጥር የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። በደጋው አገር እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ ጥምቀት አልፏል፣ ዓቢይ ጾምም ገና አልተያዘም። ደጋሹ የሚደግሰው ካመረተው ላይ ስለነበር ወጪው የሚታሰበው ከብር ይልቅ በገብስ፣ በጌሾ፣ በማርና በሰንጋ ነበር።

የአማራ ገበሬ ይህን ወጪ የሚከፋፈልበት ደንብ ግልጽ ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድግስ ይችላል። የሙሽሪት አባት ሙሽራውን ከነአጃቢው ያበላል፣ ያጠጣል። የሙሽራው አባት ደግሞ ሙሽሪት ስትገባ በደጁ ዳስ ይጥላል። ሽማግሎች አስቀድመው ከሚከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ የአጃቢው ብዛት የነበረውም ለዚህ ነው። ጋኑ የሚጎድለው የሙሽሪት አባት ነዋ!

ቀሚሱና ጌጡ፣ ማለትም ጥሎሹ፣ የሙሽራው ወገን ዕዳ ነው። ትልቁ ሂሳብ ግን ሌላ ነበር። በሰማንያ ጋብቻ የሁለቱም ወገን ወላጆች ለልጆቻቸው መቋቋሚያ ከብት ወይም ገንዘብ ይሰጣሉ፤ በተለይ በጎጃም የአንዱ ስጦታ ከሌላው እኩል እንዲሆን ይደራደሩበታል። አንዱ ሁለት በሬ ካለ ሌላው ከዚያ ማሳነሱ ነውር ነው። ነውሩ ብቻም አይደለም፤ ፍቺ ቢመጣ ንብረቱ የሚካፈል በመሆኑ ሴቲቱ ባዶ እጇን እንዳትወጣ ዋስትናዋ ይኸው እኩልነት ነበር። በሌላው አካባቢ መንገዱ ይለያል፤ በትግራይ ገዝሚ የሚባለው ስጦታ ከሙሽሪት ቤተሰብ ወደ ሙሽራው ሲሄድ፣ በኦሮሞ ዘንድ ገበራ የሚባለው ከሙሽራው ወገን ወደ ሙሽሪት ቤተሰብ ይሄዳል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ጋብቻ የቤተሰቦች ጉዳይ ነው የሚለውን ይህንኑ አስተሳሰብ ተቀብሎ መተጫጨትን በሁለት ቤተሰቦች መካከል የሚደረግ ውል አድርጎታል። ውሉ ቢፈርስ ወጪውን የሚሸከመው ያፈረሰው ወገን ነበር፤ የትኛው ወጪ እንደሚመለስ ሲወስን ዳኛው የአካባቢውን ልማድ ያይ ነበር። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ጋብቻውን በተጋቢዎቹ ፈቃድ ላይ አቆመው፤ ዕድሜያቸውም 18 የሞላ እንዲሆን ደነገገ።

ከተማ ላይ ሂሳቡን ያፋለሰው አዳራሽ ነው። ሁለቱ ድግሶች አንድ ሲሆኑ የማን እንግዳ ስንት እንደበላ የሚለይበት መንገድ ጠፋ። ቬሎው፣ መኪናው፣ ቪዲዮው ሲጨመር ደግሞ ሙሽሮቹ እቁባቸውን አውጥተው፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም እስኪልክ ጠብቀው ይከፍሉ ጀመር። የመልሱ ድግስ ግን አሁንም አብዛኛውን ጊዜ በሙሽሪት ወላጆች ትከሻ ላይ ነው።

ድሮም ለድግስ ሲል ዕዳ የገባ አባት ሞልቷልና ያንን ዘመን ለማሞካሸት አልቸኩልም። ቢሆንም በዚያ ሂሳብ ውስጥ ከሰርጉ ማግስት የሚጠመድ በሬ ነበረበት። ዘንድሮ የምትጋቡ ልጆች፣ ለአዳራሹ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ወላጆች ባንድ ላይ አስቀምጡና «ለጎጆ መውጫችን ምን ታዋጡልናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።