የቆሎ ተማሪ ልጅነትና የደጁ ቁራሽ

ሽማግሌ ካህናት ተሰብስበው የልጅነታቸውን ነገር ባነሡ ጊዜ ጨዋታቸው ከሦስት ዕቃ አይርቅም፤ ከደበሎ፥ ከአኩፋዳና ከዱላ። ደበሎ የበግ ለምድ ነው፤ ቀን ልብስ፥ ሌሊት ምንጣፍና መጎናጸፊያ ይሆናል። አኩፋዳ ከሣር የተሰፋ የቁራሽ መያዣ ነው። ዱላውም የውሻ መከላከያ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ብቻ አንድ ብላቴና ከአባቱ ቤት ወጥቶ፥ ወንዝ ተሻግሮ፥ ብዙ ዓመት በሰው አገር ኖሮ ሊቅ ሆኖ ይመለስ ነበር። ይህ ነገር እንዴት እንደ ተቻለ ማስታወስ የደብር በዓል ለሚያከብር ምእመን ሁሉ የሚገባ ነው።

ትምህርቱ የሚጀመረው በመንደሩ አጥቢያ ነው። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ፥ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊደሉን በስንደዶ እያመለከተ ሀ ሁ ብሎ ይቆጥራል፤ በቃሉ ብቻ እንዳይሸመድደውም አቡጊዳ ተራው ተለዋውጦ ይቀርብለታል። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል፤ ከዚያም እየተሻገረ መዝሙረ ዳዊት ይደርሳል። 150ውን መዝሙር ሳይሰናከል የደገመ ዕለት ወላጆቹ እንጀራና ጠላ አዘጋጅተው የኔታን ያመሰግናሉ። ማታ ፀሓይ ከገባች በኋላ መጽሐፍ ስለማይታይ የቃል ትምህርት ይሆናል፤ ልጆቹ በጨለማ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያምን እየተቀባበሉ ያጠናሉ። እንዲህም ሆኖ መብራት ማጣት ትምህርትን አላስቀረውም፤ ዓይን ያረፈበትን ሰዓት ጆሮና ልብ ወረሱት።

ከዳዊት በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። አባት ልጁን ለከብትና ለእርሻ ይፈልገዋል፤ ልጁም ትምህርት የጣመው እንደ ሆነ ሌሊት ተነሥቶ ይጠፋል። ቅርብ ቢቀመጥ ዘመዶቹ መጥተው ይመልሱታልና ሩቅ አገርን ይመርጣል። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ፥ ወይም ወደ ዋድላ፤ ድጓ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፤ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፤ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። በዚያም ከየኔታ ቤት አጠገብ ሁለት ሦስት ሆነው ትንሽ የሣር ጎጆ ቀልሰው ይገባሉ።

ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው የቃሉን ትምህርት ይከልሳሉ፤ ለየኔታ ውኃ ይቀዳሉ፥ እንጨት ይለቅማሉ፤ ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስቀጽላል። ከዚያ በኋላ አኩፋዳቸውን አንግበው መንደሩን ተከፋፍለው ይወጣሉ። በየደጁ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ባሉ ጊዜ አስቀድሞ ውሻው ይወጣል፤ ባለቤቲቱ ትከተላለች። ያላት እንደ ሆነ የእንጀራ ቁራሽ ወይም እፍኝ ቆሎ ትሰጣለች። የሌላት እንደ ሆነ «እግዜር ይስጥህ፥ ልጄ» ትለዋለች፤ እርሱም ነገሩን ተረድቶ «አሜን» ብሎ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። የተረፈው ቁራሽ ደርቆ ኮቸሮ ይሆንና ለችግር ቀን ይቀመጣል።

ደስታም ነበራቸው። ልብሳቸውን ወንዝ ወርደው በእንዶድ ሲያጥቡ፥ ከጥላሸትና ካረረ እህል ቀለም ሲበጠብጡ፥ የመቃ ብርዕ ሲቀርጹ ጨዋታው ብዙ ነበር። ከበዓላት ሁሉ ይልቅ ግን ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ደብረ ታቦር የእነርሱ ነው። ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን ለደቀ መዛሙርቱ የገለጠበት ዕለት ስለ ሆነ፥ ተማሪዎች አስቀድመው «ስለ ደብረ ታቦር» እያሉ እህል ለምነው፥ ጠላ ጠምቀው፥ ዳቦ አስጋግረው የኔታንና የመንደሩን ሰው ይጋብዙ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ደጅ የቆመ ልጅ በዚያች ቀን ጋባዥ ሆኖ ይውላል።

የቅኔው ተማሪ ደግሞ ብቻውን ዱር ገብቶ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ተመልሶም ለየኔታ ይነግራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይለምዳል፤ እየበረታም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ቅኔው የተበላሸበት አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፤ የቀናው ግን ራቱ ኮቸሮ ቢሆንም እንደ ጠገበ ሰው ያድራል።

ይሁን እንጂ ናፍቆት እውነትን ሊሸፍን አይገባም። በዚያ ዘመን ርኃብ ነበረ፤ እከክና ቅማል ነበረ፤ በንዳድ ታሞ ያለ አስታማሚ በጎጆው ውስጥ የሞተ ልጅም ነበረ። አለንጋው ይከብድ ነበር፤ የሚጠፋ ልጅ በእግር ብረት የሚታሰርበትም ቦታ ነበረ። ስለዚህ ያ ዘመን የተመሰገነው መከራው ስለ ቀለለ አይደለም። የተመሰገነው መከራው ለብዙ ትከሻ ስለ ተከፋፈለ ነው። መምህሩ ከተማሪው ክፍያ አይጠይቅም፤ ደብሩ ለመምህሩ መሬት ይሰጣል፤ ተማሪው በጉልበቱ ያገለግላል፤ ባላገሩም ቁራሹን ያካፍላል። በመጻሕፍት መጨረሻ የጸሐፊውና የአስጻፊው ስም ይገኛል፤ ጸሐፊውን በልጅነቱ ያበላችው ሴት ስም ግን አይገኝም። ሆኖም የእርሷ ቁራሽ ባይኖር መጽሐፉም አይኖርም ነበር።

ይህ ሥርዓት በየጊዜው ተነካ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፍቶ ለልጆች ሌላ የዕውቀት በር ሆነ፤ ይህም ለአገር የበጀ ነው። እንደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና እንደ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ያሉ የዘመናዊ አማርኛ ደራስያንም ፊደል የቆጠሩት አስቀድመው በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነበር። በ1929 ዓ.ም. በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት በፋሺስት ጦር ሲረሸኑ፥ በቃል የተያዘ ብዙ ትምህርት ከባለቤቶቹ ጋር ተቀበረ። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ መምህራኑ የሚተዳደሩበት የቤተ ክርስቲያን መሬት ቀረ። ጉባኤያቱ ግን ፈጽመው አልጠፉም፤ ዛሬም ደበሎ የለበሱ ልጆች በየአገሩ ይገኛሉ። የመሬቱ ድርሻ ከቀረ ወዲህ ሸክሙ ይበልጥ በምእመናን ደጅ ላይ ወድቋል።

በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ፥ 50ኛው ዓመት ኢዮቤልዩ ይባላል፤ በዚያም ዓመት ሰው ሁሉ ወደ ርስቱ ይመለሳል። የደብር ልጅ ርስቱ ፊደሉና ዳዊቱ ነው። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የሚያከብር ደብር ጉልላቱን ባሳደሰ ጊዜ በቅጥሩ አጠገብ ያለችውንም የተማሪ ጎጆ ይመልከት፤ የየኔታን ቀለብ ይቍጠር፤ ልጆቹ የሚያድሩበትን፥ የሚታከሙበትንም ያስብ። አያቶቻችን ከጥቂቱ ቈርሰው ሊቃውንትን አሳደጉ፤ ከእነርሱ የሚበልጥ ያለው ትውልድ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ተማሪውን ከደጁ ቢመልሰው፥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በመቅደሱ ቆሞ የሚቀድሰውን ካህን እንደ መለሰ ይቈጠርበታል።

ቁራሽ ሰጥተው ስማቸው ያልተጻፈውን እናቶች እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያስባቸው። አሜን።