ላይደን

ላይደን በኔዘርላንድስ ደቡብ ሆላንድ ክፍለ ሀገር፣ በአሮጌው ራይን ወንዝ ዳር የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። በመካከለኛው ዘመን የበለጸገችው በሱፍ ጨርቅ ነው።

በታሪኳ ከሁሉ የላቀው ምዕራፍ ደቾች ከስፔን አገዛዝ ነጻ ለመውጣት ሲታገሉ በ1573–1574 (እ.ኤ.አ.) የደረሰባት የስፔን ከበባ ነው። ረሃብና ወረርሽኝ ከነዋሪዎቿ እጅግ ብዙውን ፈጀ። በመጨረሻ ደቾች የውሃ መከላከያ ግድቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አፍርሰው ማሳቸውን አጥለቀለቁ፤ የነጻነት ታጋዮቹም በጀልባ ቀዝፈው ኦክቶበር 3 ቀን 1574 ምግብ ይዘው ገቡ። ዕለቱ ዛሬም በሄሪንግ ዓሣና በነጭ ዳቦ ይከበራል።

በ1575 የነጻነት ትግሉ መሪ የኦራንዡ ዊልያም በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን ዩኒቨርሲቲ እዚህ መሠረተ። ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር የሠራውና የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ጀርመናዊ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ለእኛ አንባቢዎች ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ዝምድና ነው። የፊዚክስ ሊቁ ካመርሊንግ ኦነስም ሂሊየምን በ1908 ወደ ፈሳሽነት የለወጠው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሠዓሊው ሬምብራንት በ1606 የተወለደው በላይደን ነው። ጎብኚ በቦዮቿ ዳር ሲጓዝ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን፣ በ1743 የተሠራውን ደ ፋልክ የነፋስ ወፍጮ፣ በ1590 የተቋቋመውንም የዕፅዋት ማዕከል ያገኛል። ጊዜ የሚያጥረው ግን በቅድሚያ የጥንታዊ ቅርሶችን ሙዚየም ይይ፤ የአስዋን ግድብ ሲሠራ የኑቢያን ሐውልቶች በማዳን ለተደረገ እርዳታ ግብጽ ለኔዘርላንድስ የሰጠችው የታፌህ ቤተ መቅደስ የቆመው እዚያ ነው።