አዳሪነትና የጥበብ ትምህርት፦ ከቅኔ ጉባኤ እስከ ዊንጌት

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ የኮልፌ ቀራንዮና የጉለሌ ክፍለ ከተሞች በሚጎራበቱበት አካባቢ፣ ዛሬ ጄኔራል ዊንጌት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የሚባለው ተቋም ይገኛል። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1946 በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ ሲከፈት የአዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙም በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል የገባውን የጌዴዎን ጦር ከመሩት እንግሊዛዊ መኮንን ከኦርድ ዊንጌት የተወሰደ ነው። ትምህርት ቤቱ ለኪነ ጥበብ ተብሎ የተቋቋመ አልነበረም፤ ለከፍተኛ ትምህርትና ለመንግሥት ሥራ የሚበቁ ወጣቶችን እንዲያፈራ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ጸጋዬ ገብረ መድኅንና ሰሎሞን ደሬሳ ከተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ በመሆኑ፣ ስለ ጥበብና ስለ አዳሪነት ለሚያጠና ሰው ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ጸጋዬን ያፈራቸው ዊንጌት ነው ማለት ግን ከእውነት መራቅ ነው። እርሳቸው በልጅነታቸው ግእዝና ቅኔ የቀመሱ፣ በአምቦ ተማሪ ሳሉም ስለ ንጉሥ ዲዮኒሲዮስ ተውኔት የጻፉ ነበሩ፤ ከዊንጌትም በኋላ ወደ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተዛውረዋል። አዳሪ ትምህርት ቤት የሰጠው ጥቅም ከዚህ ይልቅ ቀላልና የሚጨበጥ ነው። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ልጅ፣ በዋና ከተማው ዘመድ ባይኖረውም፣ በመንግሥት ወጪ የሚተኛበትና የሚበላበት ቦታ ያገኝ ነበር፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለው ምሽትም የራሱና የጓደኞቹ ይሆናል።

አዳሪነትና ጥበብ በኢትዮጵያ የተዋወቁት ከዊንጌት ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነው። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ባሉ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች የቅኔ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ቁራሽ እየለመነ፣ ከጓደኞቹ ጋር በሠራት ጎጆ ያድራል። ቀኑን ከሰው ተለይቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ያርሙታል፤ ካልሰመረ ይመልሱታል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው በዚህ አኳኋን ነው። በዜማ ቤትም የበረታው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል። ለቅኔ በሳምንት 40 ደቂቃ አልተመደበም፤ ኑሮው ሁሉ ትምህርት ነው። ወጪውን የሚሸፍነውም በየደጁ ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬ ስለ ነበረ፣ ትምህርት ቤቱ በአገሬው ጫንቃ የቆመ ነበር ማለት ይቻላል። በአንጻሩ ረኃቡን፣ የውሻ ንክሻውንና ተላላፊ በሽታውን ረስቶ ይህን ሥርዓት ማስዋብ ተገቢ አይደለም። ስንቱ መወድስ ሳይደርስ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ የቆጠረ የለም።

ማደሪያ ማጣት ምን ያህል በር እንደሚዘጋ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የሴቶች ታሪክ ነው። ልጃገረድ ደበሎ ለብሳ በየጎጆው እንድታድር ልማዱ አይፈቅድም ነበር። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ በጎጃም ስመ ጥር የቅኔ መምህርት ለመሆን የበቁት፣ የቅኔ መምህር ከነበሩት አባታቸው ዘንድ ስለ ተማሩ ነው፤ የአባታቸው ቤት ማደሪያም ጉባኤም ሆነላቸው። ሌላዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተልከው የሙዚቃን ትምህርት እዚያ ጀመሩ። ለአንዷ የአባት ሙያ፣ ለሌላዋ የቤተሰብ አቅም ደረሰላቸው። አባቷ መምህር ያልሆነ፣ ባሕር ማዶ የሚልካትም የሌላት ልጅ የት ትማር?

የበገናው ሊቅ አለሙ አጋም በ12 ዓመታቸው በገና የጀመሩት አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ለቤተሰባቸው ጎረቤት ሆነው በመምጣታቸው ነው። በኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። አለቃ ተሰማ ሌላ ሰፈር ቢከራዩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት፣ ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ጉርብትናን በዕቅድ መሥራት ነው።

ዛሬ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። ስለዚህ መደበኛ ተማሪዎቻቸውን የሚቀበሉት ሁለተኛ ደረጃን ካጠናቀቁት ነው። በአንደኛ ደረጃ የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ገብቷል። ክፍተቱ በመካከል ነው፤ ጣትና ጉሮሮ በሚጸኑበት ከ14 እስከ 18 ባለው ዕድሜ። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ይህንኑ ክፍተት አይቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ሕግ የመንግሥት አዳሪ የጥበባት ትምህርት ቤት አቋቁሟል፤ ትምህርቱም ከሁለተኛ ደረጃ ይጀምራል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አንድን ልጅ ማሳደር፣ ማብላትና ማከም የበርካታ ቀን ተማሪዎችን ወጪ ይወስዳል። ደግሞም የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆን የሚማረው ከቤተሰቡ፣ በሠርግና በጠጅ ቤት፣ ሰሚው ባለበት ነው፤ ከዚያ ነጥሎ በግቢ ማኖር ሊያደርቀው ይችላል። የሁለተኛው ሥጋት መልስ ምናልባት ግቢውን ለአዝማሪውም መክፈት ይሆናል። ከዚህ ላይ ግን የቅጥር ደንቡ ይመጣል። የመምህርነት መመዘኛው ዲግሪ ነው፤ መሪጌታውና ባለ ማሲንቆው የላቸውም። መኝታ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት መፈታት ያለበት ይህ ነው፤ ምሽቱን ከልጆቹ ጋር የሚያሳልፉት እነዚህ መምህራን ናቸውና።