ከቆብ ሥር የተደበቀው

ጆሮ ስጡኝ፤ ከጉና ተራራ ሥር፣ ከደብረ ታቦር ልጀምርላችሁ። ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ 1851። ደብረ ታቦር ላይ ራስ አሊ ተቀምጠዋል፤ የቋራው ካሳ ገና አልነገሠም። በዚያው ዓመት ከባሕር ማዶ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ስለ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ጻፈ፤ የዓይን መመርመሪያ መስታወት።

እስከዚያ ድረስ ሐኪም ብሌኑን ሲያይ የሚታየው ጥቁር ነገር ብቻ ነበር። ለምን? ብርሃን በብሌኑ ገብቶ በመጣበት መንገድ ይመለሳላ! ሊያይ የፈለገ ሰው እዚያው መንገድ ላይ ሲቆም በገዛ ራሱ ብርሃኑን ይጋርደዋል። ሄልምሆልትስ ምን አደረገ? ሦስት ስስ ብርጭቆዎችን ደራርቦ አጋደላቸው። በጎን ያለው መብራት ከብርጭቆው ላይ ነጥሮ ወደ ታማሚው ዓይን ገባ፤ ሲመለስ ከፊሉ ብርጭቆውን አልፎ ሐኪሙ ዘንድ ደረሰ። በዓይኑ ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲናው፣ ከነደም ሥሮቹ ታየ! በዓመቱ ክርስቲያን ሩዔተ መካከሉ የተበሳ ጎድጓዳ መስታወት አመጣ፤ ብርሃኑም ደመቀ። በ1862 ደግሞ ሆላንዳዊው ሄርማን ስኔለን ዛሬም በየክሊኒኩ ግድግዳ የምናየውን የፊደል ሰሌዳ አወጣ።

ያን ጊዜ ካሳ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነግሠዋል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ባለሙያዎች እሳት አንድደው ብረት ያቀልጣሉ፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም እዚያ ተሠራ። ንጉሡ ከፈረንጅ ጥበብ አጥብቀው የፈለጉት መድፍ ነበር።

የደጋው እናትስ? የእሷ መሣሪያ ወረንጦ ነው። የዓይኗ ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ሲፍቃት በወረንጦ ትነቅላለች፤ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ እንደገና ትነቅላለች። በሽታው ትራኮማ ነው። ተዋሲው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት ይተላለፋል፤ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይኑን ቆብ ከውስጥ ያጠባስሰዋል፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል።

አሁን ልብ በሉ። ይህ በሽታ የሚደበቀው በሬቲና ላይ አይደለም፤ በላይኛው ቆብ ሥር ነው። የሄልምሆልትስ መስታወት አያገኘውም። የሚያገኘው በራስ ላይ የሚታሰር፣ ሁለት ተኩል ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፣ የቀን ብርሃን ወይም ባትሪ፣ ቆብ መገልበጥ የሚችል የሠለጠነ እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 አምስት ምልክቶችን ለየ። የመጀመሪያው እነሆ፦ በተገለበጠው ቆብ መካከል ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ ነጣ ያሉ ጥቃቅን እብጠቶች አምስት ከሞሉ፣ ልጁ ንቁ ትራኮማ አለበት። ይህን ለማየት የዓይን ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም፤ ነርስ ይበቃል።

በ2005 እና 2006 አገር አቀፍ ጥናት ሲካሄድ መርማሪዎች የልጆችን ቆብ እየገለበጡ ቆጠሩ። በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ 100 ልጆች 63 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኘባቸው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን የተሰወረውን ገልጦ አሳየ። ከ2008 ጀምሮ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በዘመቻ ለክልሉ ሕዝብ ይታደል ጀመር፤ የታጠፈ ቆብ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚያቀኑ የጤና ባለሙያዎች በየወረዳው ሠለጠኑ፤ ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት መቆፈር የየቀበሌው ሥራ ሆነ።

የሄልምሆልትስን ክብር አልቀንስም። ግን አንድ መሣሪያ ለሕዝብ የሚጠቅመው ሕመሙ ያለበት ቦታ ሲደርስ ነው፤ ያቺ ቀላል መነጽር በነርስ ራስ ላይ ታስራ የፋርጣን፣ የእብናትን፣ የላይ ጋይንትን ወረዳዎች ዳገት ትወጣለች። ትራኮማ የጤና ችግርነቱ አበቃ ከሚባልባቸው መለኪያዎች አንዱ፣ ከ100 ልጆች ንቁ ትራኮማ ያለባቸው ከ5 ሲያንሱ ነው። እስከዚያ ቆብ መግለጡ፣ መቁጠሩ፣ መድኃኒቱም ሊቋረጥ አይገባም። ለጤና በጀት የምትመድቡ ሁሉ፣ ትልልቁን ማሽን ስትገዙ የነርሷን መነጽርና የመንገድ ወጪዋን አትርሱ።